ሳይበርድ የተከፈተ ክምር

ሩሽዲን ያገኘሁት ልጣላው ሄጄ ነው።

የአባቴ ሱቅ ጣንታ ከተማ ውስጥ፣ ከሸለቢ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከሰል እንሸጣለን፤ የወጥ ማብሰያ ሳይሆን የሺሻ። የከተማው ሻይ ቤቶች ግማሾቹ ከእኛ ይወስዳሉ። ስለዚህ በአንድ ጆንያ ውስጥ አንድ ጥሬ ፍልጭ ከተገኘ፣ ማለትም ላዩ ጠቁሮ ውስጡ እንጨት ሆኖ የቀረ፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ በራችን ላይ ይቆማል።

የዚያን ቀን ሸለቢ እንዲህ ያለውን ፍልጭ በጉጠት ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ፍልጩ እየጨሰ ነበር።

«ሐጂ ዘኪ፣ ይሄ ከሰል ነው ወይስ የወንበር እግር?»

አባቴ ሳል ይዞት መልስ አልሰጠም። ወጣትነቱን ያሳለፈው ከሰል በሚከሰልባቸው ክምሮች ላይ ስለሆነ ሳሉ ክረምት ከበጋ አይለቀውም። ሲበርድለት «ነገ ሰው እልካለሁ» አለ።

እኔ ነገ የሚባል ነገር አልወድም። በኬሚስትሪ ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ ሱቅ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ፤ መጠበቅ ደግሞ ከማልችላቸው ነገሮች የመጀመሪያው ነው። ፍልጩን ውሃ ውስጥ ነክሬ አጠፋሁትና ፒክአፑን አስነስቼ ወደ አክሳዮቹ መንደር ነዳሁ።

አንድ ወጣት በሚጨስ ክምር አናት ላይ ቆሞ የተሰነጠቀውን አፈር በእግሩ እየረገጠ ይደፍን ነበር።

«ኡስታ» አልኩት፣ የእጅ ባለሙያ እንደሚጠራው። «ይሄን ማነው ጆንያ ውስጥ የከተተው?»

«መጀመሪያ ሰላም አይባልም?»

«ሰላም። ማነው የከተተው?»

ወረደ። ዓይኖቹ ከጭሱ ብዛት ቀልተው ሽፋሽፍቶቹ ላይ አመድ ተኝቷል። ፍልጩን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠው።

«የሸውሸዌ እንጨት ነው። እኔ የማከስለው ብርቱካን ብቻ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ጎረቤቴን ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን ተኝቷል። ከፈለግሽ እኔን ስደቢኝና ይውጣልሽ።»

መሳቅ አምሮኝ ነበር። አልሳቅኩም።

«ብርቱካን መሆኑን በምን ልመን?»

ከጆንያው ሁለት ከሰል አወጣ። የጆንያውን አፍ የዘጋው እንደ ሌሎቹ በወረቀት ሳይሆን በብርቱካን ቅጠል ነበር። ከሰሎቹን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ አጋጫቸው። ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲነካካ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ ቀጭንና ንጹሕ።

«የበሰለ ከሰል ይጮሃል። ጥሬው ድም ብሎ ዝም ነው። አሁን ስበሪው።»

ሰበርኩት። ስብራቱ እንደ ጥቁር መስታወት አብረቀረቀ።

«ጣትሽን እዪው።»

ጣቴ ላይ ከስስ ግራጫ ብናኝ በቀር ምንም የለም።

«እጅ የሚያቆሽሸው ተቻኩሎ የወጣው ነው» አለ።

እኔም ካርቦን ምን እንደሆነ፣ እንጨት አየር ተከልክሎ ሲሞቅ ምን ከምን እንደሚለይ አስረዳሁት። ማን እንደጠየቀኝ አላውቅም። እስከ መጨረሻው በጽሞና አዳመጠኝ።

«ይሄን ለመማር ስንት ዓመት ፈጀብሽ?»

«አራት።»

«እኔ ስድስት ዓመት ጭስ ሳይ ነው የኖርኩት። ፈጣን ነሽ፣ ዶክተሯ።»

ከዚያ በኋላ ወደ መንደሩ የምሄድበት ምክንያት አላጣሁም። ጆንያ መመለስ፣ ጆንያ ማምጣት፣ የጆንያ ገመድ። ሩሽዲ የአጎቱን ክምሮች ይጠብቅ ነበር። ሥራው በአብዛኛው ማየት ነው። ጭሱ መጀመሪያ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ የእንጨቱ ውሃ ነው የሚወጣው። ከዚያ ቢጫ ይሆናል። በስንተኛው ቀን ይሁን፣ የሆነ ሰዓት ላይ፣ ቀጥኖ ሰማያዊ ይሆናል። ያኔ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈንና ክምሩ እስኪበርድ ይተዋል። ሰማያዊው ሲቃረብ ሩሽዲ አያወራም ነበር። እኔም በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ አብሬው ዝም እላለሁ። በሕይወቴ ዝም ያልኩት እዚያ ብቻ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እውነት አይደለም። አንድ ሌላ ጊዜም አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ፣ አይብና ሽንኩርት ያወጣል። ዳቦውን ከመቁረሱ በፊት እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ይታጠባል። ያም ሆኖ የአውራ ጣቱ ጥቁር አሻራ ዳቦው ላይ ይቀር ነበር።

«በዚያ በኩል ያለውን ቁረሽና ጣይው» ይለኛል።

«እሺ» እለዋለሁ። ዞር ሲል የምበላው ከአሻራው ጀምሬ ነው።

በተዋወቅን በሰባተኛው ወር ሩሽዲ ሱቃችን መጣ። ከሰሉን ካወረደ በኋላ አልሄደም። ኮፍያውን አውልቆ አባቴ ፊት ቆመ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ሐጂ፣ አባቴን ይዤ ብመጣ ትቀበለኛለህ?»

አባቴ ሻዩን ጨረሰ።

«እኔ ከዚያ ጭስ የወጣሁት ልጄ እንዳትገባበት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ የምታከስለው ለሰው ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እንግዲያው የራስህን ክምር አቁም። እንጨቱም የራስህ፣ እጁም የራስህ ይሁን። አንድ ጥሬ የሌለበት ጭነት አምጣልኝና እዚህ በር ላይ ልፈትነው። ካለፈ አባትህን ይዘህ ና፤ ፋቲሃ ቀርተን እናጫችኋለን። እስከዚያ ልጄን ለማንም አልሰጥም፤ ቃሌ ነው።»

የአባቴ ፈተና በከተማው የታወቀ ነው። አዲስ አክሳይ ሲመጣ ሸለቢ ሻይ ቤት በር ላይ ይቀመጣል፤ በአዲስ ትምባሆ ላይ ሦስት ፍም ይደረጋል። ትምባሆው እስኪያልቅ ፍሙን ማንም አይቀይረውም። አመዱ ነጭ መሆን አለበት፤ ሽታ መኖር የለበትም፤ አባቴ ከወንበሩ ሲነሳ ራሱን ሊያዞረው አይገባም። እዚያ በር ላይ አንዴ የወደቀ ሰው በጣንታ ሁለተኛ ከሰል አይሸጥም።

ሩሽዲ ሞተር ብስክሌቱን ሸጦ ያረጀ የብርቱካን ማሳ እንጨት ገዛ። ክምሩን በስምንት ቀን ደረደረ፤ ወፍራሙን ወደ ልቡ፣ ቀጭኑን ወደ ዳር፣ ከላይ የሩዝ ገለባ፣ ከገለባው ላይ እርጥብ አፈር። አሥራ ሦስት ቀን ጨሰ። ሰማያዊ የሆነው ዓርብ ዕለት ነው። ደፈነውና ደወለልኝ።

«ከዓርብ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ። ስምንት ቀን ብቻ ታገሺኝ።»

እሑድ አክስቴ ኒዕማት መጣች። አክስቴ ስትመጣ የምታመጣው ወይ ዓሣ ነው ወይ ባል። የዚያን ቀን ያመጣችው በኩዌት የሚሠራ ፋርማሲስት ነበር።

«ሐሙስ ማታ ከእናቱ ጋር ይመጣሉ። ቅዳሜ አውሮፕላኑ ነው፤ ሰውዬው ጊዜ የለውም።»

«ለሌላ ቃል ሰጥቻለሁ» አላት አባቴ።

«ለከሰል አክሳዩ? ወንድሜ፣ ልጅቷ እኮ ዲግሪ አላት።»

አባቴን አሳለው። ከዚያ እኔን አየኝ። «እህቴን በር አልዘጋባትም፤ ይምጡ። የልጁ ጭነት ከሐሙስ በፊት ደርሶ ካለፈ ለእንግዶቹ የምሰጠው መልስ አለኝ። ካልደረሰም እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን» ነው ያለው። እኔ የሰማሁት ግን «ሐሙስ» የሚለውን ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ክምሩ ጋ ነበርኩ።

«ክፈተው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ክምሩን። ረቡዕ ክፈተውና ሐሙስ ይዘህ ና።» የአክስቴን ነገር ነገርኩት።

ሩሽዲ የእጁን ጀርባ አፈሩ ላይ አሳርፎ ቆየ። «ላዩ እንኳ ገና ለብ ያለ ነው። ልቡ ሕያው ነው፣ ረባብ።»

«አየር ከሌለ እሳት የለም። ከዓርብ ጀምሮ አየር አልገባውም። ምኑ ነው ሕያው?»

«ስትከፍችው አየሩን ያገኛላ።»

«ከቀዘቀዘ ቢያገኝም ምንም አይሆንም። ሙቀት ደግሞ ይሰላል።»

ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። የአፈሩን ውፍረት ያስገባሁት በግምት ነው። መልሱ የምፈልገውን እስኪሆን ድረስ ግምቱን ሁለት ጊዜ ቀየርኩት። ይህን ለሩሽዲ አልነገርኩትም።

«ረቡዕ ጠዋት» አልኩት፣ የፈተና ውጤት እንደሚያነብ ሰው።

«አባትሽ እንነጋገራለን ካለ ሁለት ቀን አይታገስም? ራሴ ሄጄ ልለምነው?»

«እኔ ሰው ፊት ቀርቤ እንደ ዕቃ ልታይ፣ አንተ እዚህ አፈር ትዳስሳለህ? ወይ ትፈልገኛለህ ወይ አትፈልገኝም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር መልሼ ለመዋጥ የማልሰጠው ነገር የለም። እሱ ረጅም ጊዜ አየኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። ጭሱ ሰማያዊ ሲሆን የሚያይበት ዓይን ነበር።

«እሺ» አለ።

ረቡዕ ከሰዓት ደወለ። ድምፁ ተዘግቷል።

«ዳርና ዳሩ ቀዝቅዞ ነበር። ልቡ ጋ ስንደርስ ነፋስ ገባና ነደደ። ከወንድሜ ጋር ከቦዩ ውሃ ቀዳንበት። ግማሹ አመድ ሆኗል።»

«ግማሹስ?»

«ግማሹ ተርፏል። ውሃ ግን ነክቶታል።»

«ተቃጠልክ?»

«ትንሽ፣ ክንዴን።»

ይህን ስሰማ «በቃ፣ ተወው» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ሌላ ነው።

«ፀሐይ ላይ አስጣው። ይደርቃል አይደል?»

«ላዩ ይደርቃል።»

«ሲጋጭ ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

«እንግዲያው አምጣው። አባዬ አይለየውም።»

«ይለየዋል፣ ረባብ።»

«አምጣው አልኩህ።»

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ክንዱን በነጭ ጨርቅ አስሮ ሸሚዙን አልብሶበታል። የጆንያዎቹ አፍ በብርቱካን ቅጠል ተዘግቷል። ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ፈተና ሲኖር ዶሚኖው ይቆማል። አክስቴም የማታውን እንግዶች ለማሰናዳት በጊዜ መጥታ ከሱቁ በር ላይ ቆማ ነበር።

አባቴ ሁለት ከሰል አጋጨ። ጮኸ። ሰበረ። አብረቀረቀ። ጣቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። ሸለቢ ከሰሉን ከምድጃው ላይ አድርጎ እስኪቀላ አራገበው፤ ሦስት ፍም መርጦ በጉጠት ትምባሆው ላይ አስቀመጠ። አባቴ ቱቦውን ያዘ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ተንደቀደቀ።

አንዴ ሳበ። አምስቴ ሳበ። ሽታ የለም፤ ሳልም የለም። ሸለቢ «ማሻ አላህ፣ ልጁ እጅ አለው» አለ። እኔ ከሱቃችን በር ጀርባ ትርፍ ጉጠት ይዤ ቆሜ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ።

ጧ አለ።

ከፍሙ ፍንጣሪ ተወርውሮ አባቴ እጅጌ ላይ አረፈ። ነጩ ጀላቢያ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተከፈተች። ደግሞ ጧ አለ። ሦስተኛው ፍም ለሁለት ተሰንጥቆ ከሸክላው ላይ ወደቀ።

አባቴ ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ውሃ ነክቶታል።»

«አዎ ሐጂ።»

«ከውስጥ ነዶብህ ነው ያጠፋኸው?»

«አዎ።»

«የሚነድ ክምር ያልበረደ ክምር ነው። ሰማያዊውን የሚያውቅ ሰው፣ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው። ለምን ሳይበርድ ከፈትከው?»

ሩሽዲ ወደ በሩ አልዞረም። ወደ እኔ እንዳይዞር አንገቱን አጽንቶ ይዞት ነበር፤ የአንገቱ ሥር ሲገተር ከቆምኩበት ይታየኛል። ካየኝ ሁሉም ያየኛል።

«ቸኮልኩ» አለ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «እኔ ነኝ ክፈተው ያልኩት።» አራት ቃል። ግን አክስቴ አጠገቤ ነበረች፣ ሸለቢ ነበር፣ መንገዱ ሁሉ ነበር። ያን ብል ብቻዬን ክምር ለክምር ስሄድ እንደከረምኩ ሁሉም ያውቃል። ማታ እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ቤት ውስጥ፣ ለአባዬ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አልኩ በሆዴ። ነገ የሚባል ነገር የማልወደው እኔ፣ የዚያን ቀን መታገስ ቻልኩ።

አባቴ ተነሳ። ራሱን አላዞረውም።

«በክምር ላይ የሚቸኩል ሰው» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ «ልጄን ምን ላይ ይታገሳታል?»

ሩሽዲ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ መልሶ ተከራይቶ ባመጣው መኪና ላይ ጫነ። ሊያግዘው የተነሳ የለም። የመጨረሻውን ሲያነሳ የታሰረው ክንዱ ከዳው፤ ጆንያው ወደቀና ቅጠሉ መንገዱ ላይ ተበተነ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቀመ። ቅጠሉን የለቀመበት ምክንያት ዛሬም አይገባኝም።

ማታ ፋርማሲስቱ መጣ። ጥሩ ሰው ይመስለኛል። ለአባቴ ስጦታ ብሎ ከኩዌት የፋብሪካ ከሰል ይዞ ነበር፤ ክብ፣ በአንድ ክብሪት በደቂቃ የሚቀጣጠል፣ ሲቀጣጠል ባሩድ የሚሸት። እንደ እኔ ላለ ሰው የተሠራ ዕቃ ነው። እንግዶቹን በትሕትና አይሆንም አልኳቸው። አክስቴ ለአንድ ዓመት አላናገረችኝም። ለአባቴ ግን ያን ማታም አልነገርኩትም፤ ደክሞት ነበር። በማግስቱም አልነገርኩትም።

ሩሽዲ ስልኩን አላነሳም። ቅዳሜ፣ ክምሩ ሊከፈት በሚገባው ቀን፣ መንደሩ ሄድኩ። ቦታው ላይ የቀረው የአመድ ክብ ነው። ወንድሙ «ቡሐይራ ሄዷል፣ የሰው ክምር ላይ ሊሠራ» አለኝ። «እዚህማ ስሙ ጠፋ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሱ ደወለ።

«ና፣ ለአባዬ አብረን እንንገረው» አልኩት ሰላም እንኳ ሳልለው።

ሳቀ። ትንሽ ነው የሳቀው። «አሁንም ክፈተው እያልሽኝ ነው።»

«ተቀየምከኝ?»

«ዝም ያልሽውን? አልተቀየምኩም። ብትናገሪ ስምሽ ይጠፋ ነበር፤ እኔም አላየሁሽም እኮ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። እንደሚነድ እያወቅኩ ከፈትኩት። አባትሽ እንደሚለየው እያወቅኩ አመጣሁት። አሁንም ደግመሽ ና ብትይኝ እሺ እላለሁ። ስለዚህ አትበዪኝ።»

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም፤ እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ፣ የሁለታችንም ትንፋሽ እየተሰማ።

ና አላልኩትም። ያደረግኩለት ብቸኛ ነገር ይህ ነው።

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ሥራም አገኘሁ፣ ሥራውንም ለቀቅኩ፣ አሁን ሱቁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ከሰል የምመርጠው እኔ ነኝ፤ አጋጫለሁ፣ እሰብራለሁ፣ ጣቴን አያለሁ። አላገባሁም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እሱ አንዱ ነው። አባቴን ሐኪም ሺሻ ከልክሎታል፤ ፈተና ሲኖር ግን ቱቦውን አልሰጥም ይላል፣ እኔም አልታገለውም።

ባለፈው ጥቅምት ደላላው ከቡሐይራ የናሙና ጆንያ አመጣ። ገመዱን ስፈታ የብርቱካን ቅጠል እጄ ላይ ፈሰሰ።

ሁለት ከሰል አንስቼ አጋጨሁ። ቶሎ አስቀመጥኳቸው።

ሸለቢ አቀጣጠለው። አባቴ ተቀምጦ ሳበ። ትምባሆው እስኪያልቅ አንድ ፍም አልፈነጠረም፣ አንድ ፍም አልጠፋም። አመዱ እንደ ዱቄት ነጭ ነበር፤ የፍሙን ቅርጽ ሳይለቅ ቀረ።

«የማነው ይሄ?» አለ አባቴ።

«ሩሽዲ የሚባል ሰው ነው» አለ ደላላው። «ሦስት ልጆች አሉት፣ ጭምት ሰው ነው። ከሰሉ እንደዚህ ነው፤ ጠባዩ ግን ነጋዴ ያስለቅሳል። ቀኑ ሳይደርስ ክፈት ብትለው ንጉሥም ብትሆን አይሰማህም።»

ደላላው ሻይ ሊጠጣ ወደ ውስጥ ገባ። አባቴና እኔ ቀረን።

«አባዬ» አልኩ። «ያኔ ክምሩን ክፈተው ያልኩት እኔ ነኝ።»

አባቴ በጉጠቱ አመዱን ነካ አደረገው። ቅርጹ ፈረሰ። አሳለው፤ ጠበቅኩት።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ» አለ በመጨረሻ። «ደግሞ እንዲሠራ እነግረው ነበር። አንድ ክምር ነበር እኮ ልጄ። እንጨት መቼ ጠፋ?»

እጁን ዘርግቶ የእጄን ጀርባ ነካው፤ አክሳዮች አፈሩን እንደሚነኩት አድርጎ፣ አሳርፎ፣ ቆይቶ።

ደላላው አፉን እየጠረገ ወጣ። «እንግዲህ ምን ልበለው? በቶሎ ይላክ ልበለው? ረመዳን ሳይገባ ከፈለጋችሁ ሄጄ ላጣድፈው እችላለሁ።»

ቅጠሉን ከመሬት እየለቀምኩ ነበር።

«ሲበርድ ይላከው» አልኩት። «ማንም እንዳያስቸኩለው።»